ከቀለብ ወደ ደመወዝ
ስለ አዲስ አበባ ወንድ ሠራተኞች የተጻፈ አጭር ታሪክ

ሽማግሌዎች «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ሲፈቱት ደምና ወዝ ይሉታል። ሰው ደሙን አሙቆ፣ ወዙን አንጠፍጥፎ የሚያገኘው ዋጋ ማለታቸው ነው። «ቀለብ» ግን ሌላ ነው። ቀለብ የሚሰፈር እህል ነው፤ ሰፋሪው ሌላ፣ ተቀባዩም ሌላ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ለዚህ ቅጠል አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ብዙዎቻችን ትናንት ደመወዝተኞች ነበርን፤ ዛሬ ቀለብተኞች ነን።

ስለሆነም አንዲት ትልቅ ከተማ ይህንኑ መንገድ በተገላቢጦሽ፣ ማለትም ከቀለብ ወደ ደመወዝ፣ እንዴት እንደሄደች መመርመሩ ይጠቅመናል። ከተማዋ አዲስ አበባ ናት። የምንናገረው ስለ ነገሥታቷና ስለ ሹማምንቷ ሳይሆን፣ በጉልበታቸውና በእጅ ሙያቸው ተቀጥረው ስለኖሩባት ወንዶች ነው። የሴቶቹ ሥራ፣ የፈታይዋ፣ የጠላ ጠማቂዋ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደዋ እናት ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያሻው እዚህ አልተነካም። ዓመታቱ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አዲስ አበባ ራሷ ካምፕ እንደነበረች ማስታወስ ይገባል። «ከተመ» ማለት ድንኳን ተክሎ ሰፈረ ማለት ነው፤ «ሰፈር»ም ጭፍራ ያረፈበት ቦታ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ባሰኙት ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ሰፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባሪያው በጌታው ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር እያልን ስንጠራ የኖርነው ይህንኑ ልማድ ተከትለን ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው፣ ከጌቶቹ ስም መካከል የሥራ ስም የያዙ ሰፈሮችም አሉ፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ። የእነዚያ ሰዎች ስም በታሪክ መጻሕፍት አልገባም፤ ሥራቸው ግን የመሬት ስም ሆኖ ቀርቷል።

በዚያ ዘመን በግቢ ሥራ የሚያድር ወንድ ብዙ ነበር። ባልደራሱ፣ ጠጅ አሳላፊው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ አናጢው፣ ግንበኛው፣ አንጥረኛው፣ ኮርቻ ሠሪው እያለ ይቀጥላል። ታዲያ የሚኖሩት በምን ነበር? አብዛኞቹ በድርጎና በቀለብ ነበር። እህሉ ከንጉሡ ጎተራ ይሰፈርላቸዋል፤ በበዓል ቀን አዳራሽ ገብተው ግብር ይበላሉ፤ ልብስም እንደ ጌታው ቸርነት ያገኛሉ። ጠገራ ብር በእጁ የሚቆጥር ጥቂቱ ነው። ከመካከላቸውም ነጻነት የሌላቸው፣ ተሸጠው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነውና፣ የከተማይቱ የመጀመሪያ አምሳ ዓመታት የሥራ ታሪክ የባሪያ ጉልበት ታሪክም ጭምር መሆኑን ሳንሸሽግ መናገር አለብን።

ሌላም ነውር ነበር። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ይናቅ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ» እየተባለ በቡዳነት ይጠረጠራል፤ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው የሥራቸው ስም መሰደቢያ ይሆናል። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ከማዕዱ ያርቀዋል፤ ጋቢውን የሸመነለትን ሰው መኳንንቱ በጋብቻ አይቀርበውም። ይህ ነገር ያሳሰባቸው ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነገሩ፤ ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛን የሰደበ እርሳቸውን እንደሰደበ እንደሚቆጠር አስታወቁ፤ ተሳዳቢው እንዲቀጣም አዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች የተሾሙት በዚያው ዓመት በጥቅምት መሆኑን ስናስብ፣ የባለ ማዕረጉ ሹመትና የባለ እጁ ክብር በአንድ ዓመት ውስጥ የተነሡ ጉዳዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ሹመቱ ሥር ሰደደ፤ ክብሩ ግን ዘገየ። ልማድ በአንድ ዐዋጅ አይሻርምና፣ በቀጨኔ የሚኖሩ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ንቀቱን ተሸክመው ኖረዋል።

የአገሩ ባለ እጅ እንዲህ ሲናቅ ከተማይቱ ሙያ የምትቀስመው ከውጭ በመጡ ሰዎችም ነበር። የህንድ ግንበኞች ድንጋይ ጠርበው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አነጹ። ግሪኮች ሱቅና መጠጥ ቤት ከፈቱ። የየመን ዓረቦች በየመንደሩ ጥግ ሱቅ ስለነበራቸው ትንሽ ሱቅ ሁሉ «ዓረብ ቤት» ተባለ። አርመኖች ወርቅ አንጥረው፣ ጫማ ሰፍተው፣ ቆዳ አልፍተው፣ ፎቶግራፍ አንስተው ኖሩ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመን በ1890ዎቹ ያስመጣው፣ መንገድ የሚደመድመው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ ለመተረቻ እስኪሆን ድረስ ታውቋል።

እዚህ ላይ ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ታሪክ አለ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ገቡ። ወገኖቻቸው በኦቶማን ቱርክ ምድር በተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ ያለቁባቸው ስደተኞች ነበሩ። ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አይተዋቸው የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ወደዷቸውና ቀጥረው አመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው። አገራችን መዝሙሯን የተቀበለችው ከስደተኛ እጅ ነው ማለት ነው። እነዚያ ልጆች ሲገቡ በእጃቸው ሙያ እንጂ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

ቀለብን ወደ ደመወዝ ከለወጡት ነገሮች ዋነኛው ምድር ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ዕቃ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ሲሆን፣ አጋሰስ ነጂው የሚከፈለው መንገዱን ሲጨርስ ነበር። ባቡሩ ግን በሰዓት ይሠራል። ሰዓት ካለ የሥራ ሰዓት አለ፤ የሥራ ሰዓት ካለ መቅረትና መዘግየት አለ፤ ወር ሲሞላም የሚቆጠር ብር አለ። ጣቢያው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል ለገሃር ተባለ። «ሹፌር»ም፣ «ጋራዥ»ም ከዚያው ቋንቋ የወሰድናቸው ናቸው። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም.፣ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካም በ1915 ዓ.ም. አካባቢ ተቋቋመ። ገንዘብ ቆጣሪ፣ ፊደል ለቃሚ፣ ጠርሙስ አጣቢ የሚባሉ አዳዲስ ሥራዎች ተፈጠሩ። እነዚህ ሰዎች የማንም ጌታ ጭፍራ አልነበሩም፤ ጌታቸው የሥራ ውላቸው ነበር።

ጉልበቱ የመጣው ግን ከገጠር ነው። ከጉራጌ አገር ወጣቱ በእግሩ እየገሰገሰ መጥቶ ድንጋይ ፈለጠ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ በጀርባው ጭነት ተሸከመ። ከተማው «ኩሊ» ብሎ ሲጠራው እርሱ ሳንቲሙን ይቋጥር ነበር። ዕቁብ ገባ፤ በዕቁቡ ገንዘብ ንግድ ጀመረ፤ ሲሞት ወገኑ እንዲቀብረው ዕድር አቆመ። የትናንቱ ተሸካሚ የመርካቶ ባለ ሱቅ ሆነ። በ1950ዎቹ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና ወልቂጤ መንገድ የሚያሠራ ማኅበር መሠረቱ። በጀርባ ጭነት የተጀመረ ሥራ በመኪና መንገድ ወደ አገሩ ተመለሰ። እንዲሁም ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች ሽሮ ሜዳ ላይ ተቀምጠው መወርወሪያቸውን ይዘው ቀጠሉ። ልጁ ከአባቱ ጎን ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ሽመና ሲማር፣ የከተማይቱን የበዓል ልብስ የሚያለብሳት እርሱ ነው።

ከዚያም ጣልያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ከተማይቱ በወራሪ እጅ ነበረች። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ የተማረው ወጣትም እየተለቀመ ተገደለ። የደመወዝ ታሪካችን ይህን ደም ዘልሎ ማለፍ አይችልም፤ በብዙ ድካም የሠለጠኑ ጥቂት ጸሐፊዎች፣ አስተርጓሚዎችና መምህራን የጠፉት ያን ጊዜ ነው። ጠላት ገበያውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ፣ ነቅሎ ለአገሬው ተወላጅ ብሎ ወደ ለየው ወደ ምዕራቡ ወሰደው፤ መርካቶ የሆነው ያ ነው። ለጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት ስሙ በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ስለነበረ፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ካዛንችስ ወጣ። «ፖፖላሬ»ም የተራው ሠራተኛ ቤቶች ማለት ነው።

መንገድና ሕንፃ ለመሥራት የአገሬው ሰው በቀን ሙያተኛነት ተሰለፈ። ጣልያኑ ሠራተኛ ከሚያገኘው ያነሰ እየተከፈለውም ቢሆን ዓይኑ ሥራውን ይሰልል ነበር። ጠላት ሲወጣ ሙያው ከነቃሉ ቀረ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ መኪና የሚታጠብበት ላቫጆ፣ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ በሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው ብረት ፌሮ፣ ግንቡ አርማታ፣ የሠራተኛው አለቃ ካቦ፣ ጫማ የሚያሳምረው ልጅ ሊስትሮ ተባሉ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው የከተማይቱን ታሪክ ከነሙሉ ክፍሉ ይሰማል፤ ዘበኛው በአማርኛ፣ ሹፌሩ በፈረንሳይኛ፣ መካኒኩ በጣልያንኛ ቃል ይጠራሉና። በኋላም ከኤርትራ የመጡ መካኒኮችና ሾፌሮች ይህንን ሙያ በብዙ አስፋፍተውታል።

ከነጻነት በኋላ አዲስ ዓይነት ወንድ በከተማይቱ ታየ፤ ከረባት ያሰረው የመንግሥት ሠራተኛ። በተግባረ እድና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሠለጠነው ወጣት የጽሕፈት መኪና መታ፣ መዝገብ ያዘ፣ ኤሌክትሪክ ዘረጋ። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲጀመር አብራሪዎቹና የጥገና አለቆቹ አሜሪካኖች ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ መሣሪያ እያቀበሉ፣ ከዚያም እየፈቱና እየገጠሙ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የድርጅቱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚያ ሹመት ሃያ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። ሙያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ከተሰጠው ግን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ አይቀርም።

ከተማው ሰፋ። በ1954 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ 444 ሺህ ያህል ሕዝብ አገኘ፤ በ1976 ዓ.ም. ቁጥሩ ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ በላይ ደረሰ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ አልፏል። ሕዝቡ ሲበዛ ተቀጣሪው በዛ፤ ተቀጣሪው ሲበዛም ብቻውን ከአሠሪው ፊት የሚቆም ሰው አቅም እንደሌለው ተረዳ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። ዕድር ለሞት ነበር፤ ይህ ግን ለኑሮ የተቋቋመ ዕድር ነበር ማለት ይቻላል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራንም ሥራ አቆሙ፤ ከተማይቱ ጸጥ አለች። በየካቲት 28 የሠራተኞቹ ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን የከተማይቱ ሰው ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ስልኩን የሚያገናኘው፣ ዳቦውን የሚጋግረው ማን እንደሆነ ዐወቀ። ሰው የሥራው ዋጋ የሚታወቀው ሥራው በቆመ ቀን ነው።

የተከተለውን አብዛኞቻችን ወይም ወላጆቻችን ያዩት ነው። ደርግ በሠራተኛው ስም ማለ፤ «ወዝአደር» የሚለው ቃል በየሰልፉ ተጮኸ። ይሁን እንጂ ሠራተኞቹ ራሳቸው ያቋቋሙትን ማኅበር አግዶ በ1969 ዓ.ም. መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር የተባለውን በምትኩ አቆመ። ሠራተኛው በስሙ ሲወደስ በአንደበቱ ግን እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ብዙ ባለ ሙያ ታሰረ፣ ተገደለ፣ ቀሪውም ድንበር አቋረጠ። በዚያ ዘመን ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት የጭነት ታክሲ «ውይይት» መባሏ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀበሌው የውይይት ክበብ የተወሰደ የሕዝብ ቀልድ ነው።

ከዚያም ወዲህ ከተማይቱ ሥራዋን መለወጥ አላቆመችም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ብዙ ፌሮ ሠራተኛና ለሳኝ አፈራ። ጥቁሩን ድንጋይ እየጠረቡ መንገድ የማንጠፍ ሥራ፣ ኮብልስቶን፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ሳይቀሩ ሠሩት። «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠራቢ» እያለ የተሳለቀ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት የወጣው የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ዛሬም ያልተፈጸመ መሆኑን የሚያሳይ ይህ ነው። የተመረቀው ልጅ ሥራ ማጣቱ ሊያሳዝን ይገባል፤ ድንጋይ መጥረቡ ግን የሚያሳፍር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ቀጥሎም ካዛንችስ ፈረሰ። የሰፈር ስም የያዘው ግድግዳ ወደቀ፤ በዚያ ሰፈር ልብስ ይሰፋ የነበረው ሰው ግን መቀሱን ይዞ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ምን ይቀራል?

አንደኛ፣ ቀለብ የሚበላ ሰው ሥራ የለውም ማለት አይደለም። አዲስ አበባን የገነቡት የመጀመሪያዎቹ ግንበኞች ቀለብተኞች ነበሩ። በዚህ ካምፕም ሕፃናት የሚያስተምረው፣ በክሊኒኩ የሚያስተረጉመው፣ የውሃ ቧንቧ የሚጠግነው ወንድማችን የሚያገኘው ክፍያ ደመወዝ ሳይሆን «ማበረታቻ» ነው የሚባለው። ስሙ ምንም ይሁን፣ የሚፈስሰው ያው ደምና ወዝ ነው። ያውም ስሙ ትክክለኛ ይሆን ዘንድ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የከተማይቱ ሠራተኞች ከድርጎ ወደ ደመወዝ የደረሱት ማንም በነጻ ሰጥቷቸው አይደለምና።

ሁለተኛ፣ መሳደብን እንተው። ከእኛ መካከል ጫማ የሚሰፋውን፣ ጭነት የሚሸከመውን፣ ሽንት ቤት የሚቆፍረውን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ዓይን አሁንም አለ። ድንበር ስንሻገር ሹመታችንንና ቤታችንን ጥለን መጣን፤ ይህን ክፉ ልማድ ግን ተሸክመን መጥተናል። ከሁሉ አስቀድሞ መጣል የነበረበት እርሱ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሙያ ካልተላለፈ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። አባቱ ሸማኔ የነበረ፣ እርሱ ግን በዚህ ካምፕ ተወልዶ መወርወሪያ ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት በመካከላችን አለ። የምዝገባ ቅጹ ላይ ከ«ሥራ» ትይዩ የሚሰመረው ጭረት ለአባቱ ሐሰት ነበር፤ እኛ ዝም ካልን ለልጁ እውነት ይሆናል። በዛፉ ጥላ ሥር አንድ ግንበኛ ለሦስት ልጆች ቱንቢ ማሳየት ይችላል፤ ለዚህ ፈቃድም በጀትም አያስፈልግም።

የዚህ ቅጠል አዘጋጆች ለሚቀጥለው እትም የእያንዳንዱን ባለ ሙያ ቃል እየሰበሰቡ ናቸው። አባቶች፣ ጋሼዎች፣ ወንድሞች፦ የሠራችሁበትን የሥራ ስም፣ የመሣሪያውን መጠሪያ፣ ያስተማራችሁንም ሰው አገር ጽፋችሁ ወይም ለጻፊ ነግራችሁ ላኩልን። እጁ የማይጽፍለት ካለ እኛው እንጽፍለታለን።